ክላምፖቻችሁ የት ናቸው?

ቤታችሁ ውስጥ የከፈታችኋቸውን ትንንሽ የእንጨት ሥራ ክፍሎች ፎቶ እያነሳችሁ ስትልኩልኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ አትጠይቁኝ። መላጊያው ተሰቅሏል፣ መጋዙ ተሰቅሏል፣ መሮዎቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ክላምፕ ግን የለም። ፎቶውን አጉልቼ ስፈልግ ከበሩ ጀርባ ጥግ ላይ እንደ ማገዶ ተቆልሎ አገኘዋለሁ፤ አለዚያም ጠረጴዛ ሥር ከቁርጥራጭ እንጨት ጋር ተደባልቆ። ዛሬ ስለዚህ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ክላምፕ ስል ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰረውን ትልቁን ሞርሳ ማለቴ አይደለም። ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ሁለት እንጨት ጨምድዶ የሚይዝልንን ነው። ስሙን እያንዳንዱ ወርክሾፕ እንደ ፍላጎቱ ይጠራዋል፣ በስም አንጣላም።

እኔ የማምነውን ልንገራችሁ። ሁለት በሦስት በሆነች ክፍል ውስጥ ክላምፕ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የንጽሕና ጥያቄ አይደለም፣ የውበትም አይደለም። የመገጣጠሚያው ጥንካሬ ጥያቄ ነው። ነጩ ኮላ ከተቀባ በኋላ የሚሰጣችሁ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፤ ቀኑ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ከዚያም ያጥራል። የአንድ ሜትር ተኩል ጠረጴዛ ፊት ልታጣብቁ ነው እንበል። አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያፈራረቃችሁ ቢያንስ 5 ወይም 6 ክላምፕ ያስፈልጋችኋል። ጣውላውን በአንድ እጅ ደግፋችሁ በሌላው ከክምሩ ውስጥ አንዱን ስትጎትቱ፣ መንጋጋው ከሌላው መንጋጋ ጋር ተጠላልፎ ሦስቱ አብረው ይወጣሉ። እሱን እስክትፈቱ ኮላው ቆዳ ያወጣል። ከዚያ ምን ይደረጋል? ምስማር! "ለጊዜው ይያዝልኝ" ተብሎ። ያ የለጊዜው ምስማር ደንበኛው ቤት ይገባል፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ወንዴው ከሴቴው ይላቀቃል፣ ወንበሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ብዙ ሰው "ክላምፕ የለኝም እኮ፣ ውድ ነው" ይላል። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ግን አስር ያለው ሰው ሦስቱን ብቻ ሲጠቀም አያለሁ። ሰባቱ እጁ የሚደርስበት ቦታ ስለሌሉ ነው።

እንግዲህ ወደ ቦታው ጉዳይ እንግባ። አንድ መቶ ሃያ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ የኤፍ ቅርጽ ያለው ክላምፕ ውሰዱ። ዘንጉ ቀጭን ነው፣ ቦታ አይፈጅም። ቦታ የሚፈጀው መንጋጋው ነው፤ ወደ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። በየፎቶው የምናየው አሰቃቀል ክላምፑን ግድግዳው ላይ ልጥፍ አድርጎ መንጋጋውን ወደ ጎን የሚያዞር ነው። ለዓይን ያምራል፣ አልክድም፣ ልክ እንደ ባንዲራ ነው የሚሰለፈው። ግን እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ይበላል። 12 ክላምፕ ካላችሁ 1 ሜትር ከ80 ሄደ ማለት ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ባዶ ግድግዳ ከየት ይመጣል?

አሁን ክላምፑን ሩብ ዙር አዙሩት፤ መንጋጋው ወደ እናንተ ይመልከት። እያንዳንዱ የሚፈልገው የእጀታውን ውፍረትና ጣት የሚያስገባ ክፍተት ብቻ ነው፣ 6 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። አስራ ሁለቱ በ72 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ገቡ። ምንም አልገዛችሁም፣ አቅጣጫ ነው የቀየራችሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ደህና ጣውላ ወይም ሁለት ተደርቦ የተጣበቀ ኮምፔርሳቶ ውሰዱና ከፊት ጠርዙ ወደ ውስጥ 9 ሴንቲ ሜትር እየገባችሁ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ቁረጡት። እንደ ሚዶ ጥርስ ያወጣል። የስንጥቁ ስፋት ከዘንጉ ውፍረት በ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይብለጥ፤ ዘንጉ በጠባብ ጎኑ ይገባል፣ የላይኛው መንጋጋ በሁለቱ ጥርሶች ላይ ይቀመጣል። መደርደሪያውን ስትገጥሙ የፊት ጠርዙን ትንሽ ቀና አድርጉት፣ ሰው ሲነካካው ወደ ፊት ሾልኮ እንዳይወድቅ። ብየዳ ቤት ያሠራችሁት ክላምፕ ከሆነ ግን የእኔን ቁጥር እርሱት። የእኛ አገር በያጅ ያገኘውን ብረት ነው የሚጠቀመው፣ የአንዱ ዘንግ ከሌላው እጥፍ ይሆናል። ከምናለሽ ተራ የተለቀመም እንደዚያው ነው። የራሳችሁን ለኩ። የመንጋጋው ወርድ ከስንጥቁ የማይሰፋ ከሆነ ሾልኮ እግራችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ግድግዳው አጭር ሆኖ ወደ ፊት ጥልቀት ካላችሁ (ለምሳሌ በሁለት ቁም ሳጥን መካከል ወይም ደረጃ ሥር) ነገሩን ገልብጡት። ሁለት የ30 ሴንቲ ሜትር ክንድ ከግድግዳው እንደ ሹካ አውጡና ክላምፖቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ አሰልፏቸው። ሰባት ወይም ስምንት ይይዛል፣ ከግድግዳው ላይ የሚወስደው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ የኋለኛውን ለማውጣት የፊቶቹን ማንሳት አለባችሁ። ስለዚህ በአንድ ሹካ ላይ አንድ ዓይነት ርዝመት ብቻ ስቀሉ፤ የቱንም ብታነሱ ያው ነው። ተንሸራታቹን መንጋጋ ደግሞ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረጋችሁ አጥብቁት፣ እጀታዎቹ እንዳይጋጩ።

አሁን ሰው የሚያቃልለው ነገር፦ ክብደት። አስር ረጃጅም የብረት ክላምፕ ከ30 ኪሎ በላይ ሊመጣ ይችላል። ያ ሸክም ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው የተንጠለጠለው፣ ስለዚህ የላይኛውን ብሎን ወደ ውጭ ይጎትታል። የኋላ ጣውላችሁ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የላይኞቹ ብሎኖች በጠቅላላ ወደ 30 ኪሎ ጉተታ ይደርስባቸዋል። ቁመቱን 30 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉት ወደ 10 ኪሎ ይወርዳል። ያው መደርደሪያ፣ ያው ብሎን፣ ሲሶው ጉተታ። ክፍል ውስጥ የማንሻን ነገር ስናወራ "ይሄ ለምን ይጠቅመናል" ትሉኝ ለነበራችሁ፣ ይኸው።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ ሆዱ ውስጥ ከወደቀ ይዞታል አትበሉ። ኮለኑን ፈልጉ፣ ወይም ረጅም ጣውላ አግድም ዘርግታችሁ ሸክሙን ለብዙ ብሎን አካፍሉት። ጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ምንም አይይዝም፣ ቋሚውን ነው መፈለግ ያለባችሁ። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉ፣ ድምፁ ይነግራችኋል። የውጭ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ እርጥበት ያስገባል፤ ብረቱ ግድግዳውን እንዳይነካ ከኋላ ጣት የምታህል ክፍተት ተዉ። የዛገ ጥርስ አይዞርም።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ተከራይ ነኝ፣ አከራዬ ግድግዳ መብሳት አትፈቅድም" ያለኝ ልጅ አለ። ልክ ነው፣ ብዙዎቻችሁ እንደዚያ ናችሁ። ለዚህ መልሱ የሥራ ጠረጴዛው ራሱ ነው። ከጠረጴዛው አጭር ጎን ሁለት ሞራሌ ከወለል ጀምራችሁ አቁሙ፣ ከእግሮቹ ጋር በብሎን እሰሯቸው፣ ሚዶውን ጣውላ እላያቸው ላይ ግጠሙ። ሸክሙን ወለሉ ይሸከማል፣ እንዳይወድቅ የሚይዘው ደግሞ የጠረጴዛው ክብደት ነው፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ቀላል ከሆነ ከታች አንድ ከባድ ነገር ጫኑበት። አከራይዋ የምትቆጣበት ቀዳዳ የለም፣ ቤት ስትቀይሩ አብሮ ይሄዳል። እንዲያውም ግድግዳ ላለውም ቢሆን እኔ ይህን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ኮላ የሚቀባው ጠረጴዛው ላይ ነው። ክላምፕ ኮላው ካለበት ሁለት እርምጃ በላይ መራቅ የለበትም።

የቱቦ ክላምፕ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በሦስት አራተኛ ኢንች የውሃ ቱቦ ላይ የሚሠራው ማለቴ ነው። መንጋጋውን ፈትታችሁ ቱቦውን ለብቻ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ስድስት ጥንድ መንጋጋ አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ቱቦዎቹ ጥግ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የሚጠላለፍ ነገር የላቸውም። ሁለት ሜትር ከፈለጋችሁ ሁለት የአንድ ሜትር ቱቦ በመገጣጠሚያ ትቀጥላላችሁ፤ ለዚህ ሁለቱም ጫፍ ጥርስ የወጣለት ይሁን። ለጠባብ ቤት ከዚህ የተሻለ ክላምፕ አላውቅም። ሲጀምሩ ምን እንግዛ ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው።

ትንንሾቹ ብዙ ወሬ አይፈልጉም። ሲ ቅርጽ ያላቸውን በሁለት እንጨት መካከል በተጋደመ ፌሮ ላይ አንጠልጥሏቸው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚነክሱትን የማንኛውንም ጣውላ ጠርዝ ያስነክሷቸው፣ በቃ።

ጎማ ያለው የክላምፕ ጋሪ ሠርተን እንግፋው የምትሉ አላችሁ። ሰፊ ወርክሾፕ ውስጥ ድንቅ ነገር ነው። ሁለት በሦስት ክፍል ውስጥ ግን ጋሪው የት ይገፋል? ወለል ነው እኮ ያጣነው! ጋሪው አንድ ቦታ ይቆማል፣ ላዩ ላይ ጣውላ ይጫንበታል፣ ጎማው ጌጥ ይሆናል። ጣሪያ ሥር መስቀልንም በጣም አልወደውም። በዓመት ሁለቴ ለሚነሳው ለረጅሙ ይሁን። የየቀኑን ግን ወንበር ላይ ቆማችሁ 4 ኪሎ ብረት ከራሳችሁ በላይ ስታወርዱ፣ ታች ደግሞ ቤት ነውና ልጅ ሊመጣ ይችላል፣ ደስ አይልም።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልጨምር። የ120 ሴንቲ ሜትሩን ክላምፕ ጭንቅላት ከወለል 1 ሜትር ከ65 ገደማ ላይ ብትሰቅሉት ጫፉ ከወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። እዚያ ሥር የቁርጥራጭ ሳጥን ይገባል። ዘንጎቹን ከመስቀላችሁ በፊት ሻማ እሹባቸው፣ የፈሰሰ ኮላ በጥፍር ይላቀቃል።

በርሜል ቆርጠን እዚያ ውስጥ ብናቆማቸውስ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁለት ሰዎች፦ ቱቦ ከሆነ ይሁን። መንጋጋ ያለው ከሆነ ግን ያው ክምር ነው፣ ቆመ እንጂ።

የሠራችሁትን ፎቶ ከታች ለጥፉ፣ የጥርሶቹን ርቀት ጻፉበት። ብሎኬት ላይ የሰቀላችሁ ደግሞ በምን እንዳሰራችሁት ንገሩን፣ ሌላውም ይማርበት።