የዳኮታዎችን ሀብት ያመጣው ቁማር ነውን?

ከጥቂት ቀናት በፊት በምግብ አዳራሻችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በአሜሪካ አንዳንድ ነባር ሕዝቦች በቁማር ቤት ስለ መበልጸጋቸው ሲወራ አንድ ጓደኛችን፥ «ዕድል ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት? ከቁማር የሚገኝ ትምህርት የለም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ብዙዎቻችንም ሳቅን። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ ስላልመሰለኝ ሐሳቤን ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ለምሳሌ የምወስደው በሚኔሶታ፥ ከሚኒያፖሊስ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ የሚኖረውን የሻኮፒ ምደዋካንቶን ሱ ማኅበረሰብ ነው። እነዚህ ሰዎች የዳኮታ ሕዝብ ወገን ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. በተፈረሙ ውሎች አባቶቻቸው ሰፊ መሬታቸውን ለቀቁ። የተገባላቸው ክፍያ በጊዜው ሳይደርሳቸው ቀርቶ በረኀብ ተጨነቁ፤ በ1862ም ጦርነት ተነሣ። ከጦርነቱ በኋላ የጦር ፍርድ ቤት በ303 ሰዎች ላይ ሞት ፈረደ። ፕሬዚዳንት ሊንከን የአብዛኞቹን ፍርድ ባያጸድቁም 38ቱ በማንካቶ ከተማ በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በ1863 ኮንግሬሱ ውሎቹን ሽሮ ዳኮታዎች ከሚኔሶታ እንዲባረሩ በሕግ ወሰነ። በአገራቸው የቀሩት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በ1969፥ ይህ ማኅበረሰብ የራሱን ሕገ መንግሥት ይዞ በፌዴራሉ መንግሥት ዘንድ ታወቀ። በዚያን ጊዜ ካዚኖ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የቢንጎ አዳራሽ የከፈቱት በ1982፥ ሚስቲክ ሌክ የተባለውን ትልቁን ካዚኖ የከፈቱት በ1992 ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሥልጣኑ ቀደመ፤ ገንዘቡ ተከተለ። በሩን የከፈተላቸው በመሬታቸው ላይ ራሳቸው የመወሰን መብት ነው። ይህንንም መብት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 በካሊፎርኒያ በተነሣ ክርክር አጸናው። በ1988 የወጣው ሕግ ደግሞ ትርፉ ለሕዝቡ አስተዳደር፥ ለደኅንነቱ፥ ለልማቱ፥ ለበጎ አድራጎትና ለአካባቢው አስተዳደሮች እርዳታ እንዲውል አዘዘ።

ሥራውን የሚመሩት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመረጡ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ በላይ ግን 18 ዓመት የሞላቸው አባላት ሁሉ የሚቀመጡበት ጠቅላላ ጉባኤ አለ። የሦስቱን ሥራ መርማሪው ባለቤቱ ሕዝብ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡንስ ምን አደረጉበት? በ2006 የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ ሠሩ። በ2009 በአካባቢያቸው ካለ ብቅል አምራች ኩባንያ ጋር ተባብረው ከእህል ገለባና ከእንጨት ትራፊ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ አቆሙ። በ2010 ዎዙፒ የተባለውን እርሻ ጀመሩ፤ በ2011 የጎረቤት ከተሞችን የምግብ ትራፊና ቅጠላ ቅጠል ሰብስቦ ወደ ማዳበሪያ የሚለውጥ ሥራ ከፈቱ። የጥንቱንም አገር በቀል ሣር ዘሩን እየዘሩ፥ በየጊዜው በጥንቃቄ እያቃጠሉ መልሰው አበቀሉት። ለሌሎች ነባር ሕዝቦችና ለበጎ አድራጎት የሰጡት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን ማኅበረሰቡ ይገልጻል።

ይሁንና ጓደኛችን ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። የካዚኖ ትርፍ የሚመጣው ከተሸናፊው ኪስ ነው፤ ከተሸናፊዎቹም መካከል የልጆቹን ራት ያስያዘ አይጠፋም። ደግሞም ትልቅ ከተማ በአጠገቡ የሌለው ሌላው ነባር ሕዝብ ካዚኖ ቢከፍት እንዲህ ያለ ሀብት አያገኝም። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ ሚስቲክ ሌክ ለሁለት ወር ያህል ተዘግቶ ነበርና በአንድ እግር መቆም የቱን ያህል እንደሚያሰጋ ታይቷል። እርሻውና ማዳበሪያው ደግሞ ካዚኖው የሚያስገባውን ያስገባሉ ብዬ አልሞግትም።

የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ዕድልማ ለብዙዎች ይመጣል፤ በመጣ ጊዜ የሚወስነው ሌላ ከሆነ ግን ባለቤቱ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል የለምን? ዳኮታዎች ከመሬታቸው በተባረሩበት አገር ዛሬ የጎረቤቶቻቸውን ትራፊ ወደ አፈር የሚመልሱት፥ መሬቱ ላይ የሚወስን ሸንጎ ስላላቸው ነው። ስለዚህ ወደፊት ስለ አንድ ሕዝብ መበልጸግ ስንከራከር «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ብለን ብቻ አንዝጋው። «ማን ወሰነበት? ለመሬቱስ ምን መለሰለት?» ብለን እንጠይቅ። ያን ቀን የሳቅነው፥ እኔንም ጨምሮ፥ ሳንጠይቅ ነበር።