ጫማው ይሩጥ ወይስ ልጁ?

እኛ የኳስ አፍቃሪዎች ዕቃ እንወዳለን። መደባበቅ የለም! ማልያ ስንገዛ ከስሙና ከቁጥሩ በፊት ስፌቱን ነው የምናገላብጠው። «ኦሪጅናል ነው?» «አይ፣ ፎርጅድ ነው፤ ግን ኦሪጅናሉ ፎርጅድ!» እየተባባልን መርካቶ ላይ ግማሽ ቀን እንፈጃለን። አዲስ ታኬታ የገዛ ጓደኛችን ደግሞ ከእነ ሮናልዶ ጋር አንድ ዓይነት ጫማ ማድረጉን ሳምንት ሙሉ ያወራልናል። ቅዳሜ ሜዳ ይገባና ባዶ ጎል ይስታል። ጫማው ምን ያድርግ!

ዛሬ ግን ጥያቄውን ልገልብጠው ነው። ጫማው የእውነት ብዙ ማድረግ ቢችልስ? ወሬው ስለ ሩጫ ነው፤ ቢሆንም ገጹን እንዳትገለብጡት፣ ወደ ኳሱም እንመጣለን። ሰሞኑን ወደ አርሲ ብቅ ብዬ ሲሬ ድረስ ዘልቄ ነበር። እዚያ የልጆቹን እግር ሳይ ይሄ ጥያቄ አብሮኝ ተመለሰ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አንብቡልኝ፤ ሪከርዱም የሚመዘገበው በነሱ ነውና።)

ከበርሊን እንጀምር። ሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 ትዕግስት አሰፋ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች። የኬንያዋ ብሪጊድ ኮስጌ በ2019 ቺካጎ ላይ ያስመዘገበችውን ሪከርድ ያሻሻለችው በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው። ሪከርድ እኮ በሰከንድ እየተቆነጠረ ነው የሚሻሻለው፤ ይሄ ግን በአካፋ የተዛቀ ነበር። ደግሞ ይህቺ ልጅ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነው! በእኛ ቋንቋ ስንተረጉመው፣ ግብ ጠባቂ ሆኖ ጀምሮ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ እንደመጨረስ ያለ ታሪክ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ቺካጎ ላይ ሰዓቱን ብታሻሽለውም የትዕግስት ታሪክ ታሪክ ነው።

ታዲያ ከሩጫው በኋላ ምን ተወራ? ከስሟ እኩል የጫማዋ ስም ተወራ። አዲዳስ አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 ይባላል። ስሙ ራሱ ከአንድ የቡድን አሰላለፍ ይረዝማል። ክብደቱ ግን 138 ግራም ነው። እንደ ሕጉ አንድ ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ የዚህ ጫማ ሦስት እግር ተደምሮ ነው አንድ ኳስ የሚሆነው። ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 27 ሺህ ብር ገደማ። ከዚያ ወዲህ ምንዛሪው የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም። መጀመሪያ ለገበያ የወጣውም 521 ጥንድ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወንበራችሁን ያዙ። አምራቹ ራሱ እንደተናገረው፣ ጫማው የተሠራው ለአንድ ማራቶንና እግር ለሚለምድበት ትንሽ ጊዜ ነው። ለአንድ ጊዜ! ለሠርግ የምንከራየው ሱፍ እንኳ ስንት ሙሽራ ይድራል!

ሥራው ግን የሚናቅ አይደለም። ሶሉ ወፍራም ስፖንጅ ነው፤ የሶፋ ስፖንጅ ግን እንዳይመስላችሁ። የሶፋው ሲቀመጡበት ይሟሽሻል። ይሄኛው ሲረገጥ ይጨመቅና ከተሰጠው ጉልበት አብዛኛውን ለእግር ይመልሳል። በመሃሉ ደግሞ ጠንካራ ካርቦን አለ፤ ሶሉ እንዳይልፈሰፈስ ይይዛል። ይህን ዓይነት ጫማ በ2017 ለገበያ ያቀረበው ናይክ ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 18 ጠንካራ ሯጮች ላይ ሲሞክሩት፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚወጣውን ጉልበት በአማካይ በ4 በመቶ ቀነሰው። ናይክም አላፈረም፣ ቁጥሩን ስሙ ላይ ለጠፈው፤ ቬፐርፍላይ 4 በመቶ! በርግጥ 4 በመቶ ጉልበት መቆጠብ ማለት 4 በመቶ መፍጠን ማለት አይደለም። ቢሆንም በሰከንድ በሚሸናነፉበት ስፖርት ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የበለጠ የሚገርመው በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ነው። የኬንያ የዓለም ደረጃ ሯጮች እንዲህ ያሉ ጫማዎች አድርገው ሲለኩ፣ አንዱን ከ11 በመቶ በላይ የጠቀመ ጫማ ተገኘ፤ ሌላውን ከ11 በመቶ በላይ የጎዳም ተገኘ። አያችሁ? ጫማውም እንደ ዳኛ ነው፤ ለአንዱ ያደላል፣ በሌላው ላይ ያፏጫል።

ነገሩ ሲከር የዓለም አትሌቲክስ በጃንዋሪ 2020 ሕግ አወጣ፤ የጎዳና ሩጫ ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በውስጡም ከአንድ በላይ ጠንካራ ዝርግ እንዳይኖር። ይህ ሕግ በማን ላይ እንደወረደ ታስታውሳላችሁ? በእኛው ልጅ በደራራ ሁሪሳ ላይ! ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 ቪየና ላይ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። ደስታው ሳይበርድ ሶሉ ተለካና 5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ውጤቱ ተሰረዘ፤ ድሉም በሦስት ሰከንድ ተቀድሞ ለገባው ኬንያዊ ለሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። አስመዝግቦት የነበረው ጫማ ሕጋዊ ነበር፤ የሮጠበት ግን ሌላ ሆነ። እኛ «በቫር የጎል ክብረ በዓላችን ተበላሸ» ብለን እናማርራለን። እሱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ በ1 ሴንቲ ሜትር ኦፍሳይድ ተባለ!

የዚሁ ልጅ ሌላ ታሪክም አለ። በጃንዋሪ 2020 ሙምባይ ላይ የራሱ ጫማ ሳይኖረው ቀርቶ ከሌላ ሯጭ ተውሶ ሮጠ። አሸነፈ ብቻ ሳይሆን የቦታውን ሪከርድ ሰበረ፤ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ። በውሰት ጫማ ያሸነፈን ልጅ ጫማው ነው ያሸነፈው ልትሉ ነው? ያው እግር በአንድ ጫማ ጀግና ተባለ፣ በሌላ ጫማ ተሰረዘ። ልጁ ግን አንድ ነው።

ቴክኖሎጂ ጠላ እንዳትሉኝ። ወደ ኳሱ ልመልሳችሁ። የ1954ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ በርን ከተማ፤ ሀንጋሪ በምድብ ጨዋታ ምዕራብ ጀርመንን 8 ለ 3 የደቆሰች አስፈሪ ቡድን ናት። በፍጻሜው ቀን ዝናብ ወረደ። የአዲዳሱ መሥራች አዲ ዳስለር ከጀርመን ቡድን ጋር ነበር፤ የሠራው ታኬታ ደግሞ ጥርሱ የሚፈታና የሚታሰር ነው። ለጭቃው ረዘም ያለውን አሠሩበትና ጀርመን 3 ለ 2 አሸነፈች። ጫማው ብቻውን አላሸነፈም። ቁም ነገሩ ግን ይሄ ነው፤ ሰውየው ጫማውን ከማሠሩ በፊት ሜዳውን አየ።

አበበ ቢቂላም ያው ነው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጀግንነት ለማሳየት አይደለም፤ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ የሚስማማውን ጫማ ከነካልሲው አደረገና የሮሙን ሰዓት በ3 ደቂቃ አሻሻለው። ስለዚህ ባዶ እግርን ካባ አናልብሰው። እሾህና ጠጠር ሲወጋ ግጥም አይደለም፣ ያማል!

አሁን ሲሬ እንግባ። የሲሬ መንገድ ከከተማው ወጣ ሲሉ በጋ ላይ አቧራና ጠጠር፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው። ልጆቹ እግር ላይ የሚታየው ኮንጎ ጫማ ነው፤ በጭቃ ይገባል፣ በውኃ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፣ ዋጋውም ለገበሬ ልጅ አባት የሚቀመስ ነው። ትልልቆቹ ጋ ደግሞ በረባሶ አለ። አንድ በረባሶ ቆራጭን «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ጊዜ ያገለግላል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ይስቅባችኋል። ጎማው እኮ አይሱዙ ላይ ሆኖ ስንት ኩንታል ስንዴ ተሸክሞ፣ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው እግር ላይ ሥራ የጀመረው! ይሄም ምሕንድስና ነው። በፈረንጅኛ የሚጠራ ስም ስለሌለው ነው ምሕንድስና ያልመሰለን።

በቁጥር ላስቀምጠው። በአንድ በኩል ለአንድ ማራቶን የተሠራ የ500 ዶላር ጫማ፣ በሌላ በኩል አንድ የመኪና ዕድሜ ጨርሶ ሁለተኛ ዕድሜውን የሚቆጥር ጎማ። የትኛው ለሲሬ መንገድ ተሠራ? መልሱ ግልጽ ነው። የትኛው ሪከርድ ይሰብራል? ይሄም ግልጽ ነው። ችግሩ ያለው በሁለቱ መሃል ነው፤ በሲሬ መንገድ አድጎ ሪከርድ ወደሚሰበርበት መድረስ የሚፈልገው ልጅ ጋ።

አርሲ እንዴት የሯጭ አገር ሆነ? አሰላ 2400 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፤ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ 10 ኪሎ ሜትር መሮጡን የማያውቅ የለም፤ ትልቅ ሰው ሆኖም ሲሮጥ ያቺ እጁ ደብተር እንደያዘች ቀረች። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ ናቸው። እነዚህ ልጆች ሲጀምሩ ሩጫ ከማንም ምንም የማይጠይቅ ስፖርት ነበር። ኳስ እንኳ ቢያንስ አሮጌ ካልሲና ጨርቅ ይፈልጋል። ሩጫ የሚፈልገው እግርና ሳንባ ነው። ሀብታሙም ደሃውም መነሻ መስመሩ ላይ እኩል ይቆሙ ነበር።

አሁንስ? እንበልና ሁለት ልጆች ለምርጫ መጡ። አንዱ ዘመድ ከውጭ የላከለትን ባለካርቦን ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ሶሉ ያለቀ ሸራ። ባለካርቦኑ በአሥር ሰከንድ ቀደመ። ሰዓት የያዘው ሰው ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ስምና ሰዓት ነው፤ «ጫማ» የሚል ዓምድ የለውም። ክለቡም፣ ማኔጀሩም የሚያየው ያንን ወረቀት ነው። ያ አሥር ሰከንድ የልጁ ነው የጫማው? ማንም አልጠየቀም። ባለሸራው ልጅ ግን «አልቻልኩም» ብሎ አምኖ ወደ እርሻው ይመለሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው! ኦሊምፒክ ላይ የሚሮጡት ሁሉም ጫማ አላቸው፤ እዚያ ልዩነቱ ይጠባል። በሩ የሚዘጋው እዚህ ታች፣ ማንም ካሜራ በማያይበት ምርጫ ላይ ነው።

«ታዲያ ልባሽ ጫማ ይግዛ» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ለአንድ ውድድር የተሠራ ጫማ ሦስተኛ ባለቤቱ እግር ላይ ሲደርስ የሚቀርለት ስሙ ብቻ ነው። እንደኛ ፎርጅድ ማልያ!

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ታዳጊ ሲመረጥ ጫማው እኩል ይሁን። ምርጫውን የሚያዘጋጀው አካል ተመሳሳይ፣ ርካሽ፣ ካርቦን የሌለው ጫማ በየቁጥሩ ይያዝና ለሩጫው ያውሳቸው፤ ሲጨርሱ ይመልሱ። ካልተቻለ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ «ጫማ» የሚል ዓምድ ይጨመር። እስክርቢቶ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛ፣ ለራሳችን መንገድ የሚሆን የመለማመጃ ጫማ እዚሁ ይሠራ። አይቻልም እንዳትሉኝ። ሶል ሬብልስ በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ ተመሥርቶ ያንን የምንስቅበትን የጎማ ሶል ለውጭ ገበያ ሸጦ አሳይቶናል። ኬንያዎችም ኤንዳ የሚባል የራሳቸውን የሩጫ ጫማ ሠርተዋል። እኛ ቆዳውም ጎማውም እግሩም አለን። የጎደለን እንደ አዲ ዳስለር መጀመሪያ ሜዳውን የሚያይ ሰው ነው።

ባለ 500 ዶላሩን ጫማ እነ ትዕግስት ያድርጉት፤ ይገባቸዋል፣ ሠርተውበታል። እኛም ኦሪጅናል ማልያችንን እየፈለግን እንከራከር፤ ማንንም አይጎዳም። የሲሬው ልጅ ግን መጀመሪያ በእግሩ ይለካ። ጫማው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቸር እንሰንብት!