ከዓሣ መረብ እስከ ሚስተር ኦሎምፒያ

ብዙ ወጣቶች «ቢግ ራሚ»ን የሚያውቁት በክንዱ ውፍረት ነው። እኛ ግን በዚህ ወር ልናወጋችሁ የወደድነው ስለተሸነፈባቸው ዓመታት ነው።

ትክክለኛ ስሙ መምዱህ አስ-ሱበይዒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ግብፅ፣ ከፍረል ሸይኽ ውስጥ ከዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ተወለደ፤ ራሱም መረብ ጥሏል። እንጀራ ፍለጋ ኩዌት ተሻገረ፤ በዚያም ኦክስጅን በተባለው ጂም ሠለጠነ። በ2013 ኒው ዮርክ ላይ ሲያሸንፍ ብዙዎች «ዋንጫው የእርሱ ነው» አሉ።

አልሆነም። በዚያው ዓመት በሚስተር ኦሎምፒያ 8ኛ ወጣ። ከዚያ 7ኛ፣ 5ኛ፣ 4ኛ፤ በ2017 2ኛ። አሁንስ ደረሰ ሲባል በ2018 ወደ 6ኛ ተመለሰ! ከ130 ኪሎ በላይ እየመዘነ ምን ጎደለው? ዳኞች ግዝፈትን ብቻ አያዩም፤ ጡንቻው ጥርት ብሎ መውጣት፣ ጀርባውም ከፊቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ጂም በገባ በወሩ መስተዋት ፊት ቆሞ ተስፋ የሚቆርጠው ወንድማችን እነዚህን ቁጥሮች ደግሞ ያንብባቸው።

በ2019 ትከሻው ተጎድቶ ከኦሎምፒያ ቀረ። በ2020 ደግሞ ኮቪድ ይዞት የማጣሪያው ውድድር አመለጠው። በልዩ ግብዣ ገባና ታኅሣሥ ላይ ኦርላንዶ ውስጥ አሸነፈ፤ ዕድሜው 36 ነበር። ከሊባኖሱ ሰሚር ባኑት የ1983 ድል በኋላ ዋንጫውን ያነሳ የመጀመሪያው ዓረብ ሆነ። በ2021ም ደገመው።

በ2022 ላስ ቬጋስ ላይ ዋንጫውን ለኢራኑ ሀዲ ቾፓን ለቀቀ። እርሱ 5ኛ ሆነ።