የባቡር ተሳፋሪ ቁጥር የማን ምስጢር ነው?

ባቡር በጎጃም ምድር አልፎ አያውቅም። ታዲያ የደብረ ማርቆስ ሰው ስለ ባቡር ተሳፋሪ ምን አገባው? የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ዕዳው አገባው!

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ነበር። አብዛኛውን የተበደርነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመርም በብድር የተሠራ ነው። አበዳሪ ደግሞ ገንዘቡን ሲጠይቅ «ተሳፍረሃል ወይስ አልተሳፈርክም?» ብሎ አይለይም። የጎዛምን ገበሬም፣ የማርቆስ ባለሱቅም ከግብሩ ይከፍላል።

እንግዲህ ከፋይ ከሆንን ጥያቄ አለን። በየቀኑ ስንት ሰው ይሳፈራል? ከየትኛው ጣቢያ? በስንት ሰዓት? ስንት ባቡር ወጣ፣ ስንቱስ ቆመ? ከማርቆስ መናኸሪያ የሚነሳ አውቶቡስ ስንት ሰው እንደጫነ ረዳቱም ተቆጣጣሪውም ያውቃል፤ ቆሞ የሚያይ ሁሉ ይቆጥረዋል። የባቡሩ ለምን ይከብዳል?

በሪፖርት ሰሞን የሚነገረን «ይህን ያህል ሚሊዮን ሕዝብ አጓጓዝን» የሚል ድምር ነው። ይጨበጨባል፤ አለቀ። ድምር ግን ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ለቀላል ባቡሩ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸውን የሰማነው ከቆሙ በኋላ ነው። የየጣቢያው ቁጥር በየወሩ ቢወጣ ኖሮ፣ ሕዝቡ ማሽቆልቆሉን ገና ከጅምሩ አይቶ «ምነው ሸዋ!» ባለ ነበር።

«የንግድ ምስጢር ነው» ይሉን ይሆናል። ከማን የሚደበቅ? ተፎካካሪ ባቡር የት አለና! እንግሊዞች የእያንዳንዱን ጣቢያ የተሳፋሪ ግምት በየዓመቱ ያወጣሉ። ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡሯን ተሳፋሪ በሰዓት ከፋፍላ ታሳያለች። ሰማይ አልተደፋባቸውም።

ሕግ አጥተን እንዳይባል ደግሞ ሕግ ሞልቶናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ለሚጠይቅ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ደንግጓል። ጠያቂ መጥቶ በር እስኪያንኳኳ መጠበቅስ ለምን አስፈለገ?

ለጎጃም ነገሩ ከዕዳም ያልፋል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዘመን በወጣው የባቡር ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቅ መስመር ነበረበት። ማርቆስን እንኳ አይነካም! እሱም ቢሆን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ነገ ግን ዕቅዱ አቧራው ተራግፎ «ተጠንቷል፣ ተበድረናል» ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ በምን እንመዝነው? የጅቡቲው ባቡር ሰው ሞልቶ የሚሄድ ከሆነ «ለእኛም ይምጣ፣ በማርቆስም ይለፍ» ብለን እንከራከራለን። መንገደኛው ጥቂት ሆኖ ጥቅሙ ለጭነት ከሆነ፣ ጤፋችንን የሚያወጣ የጭነት መስመር ወይም የተሻለ የአባይ በረሃ መንገድ እንጠይቃለን። ቁጥሩን ካላየን ግን የቀረበልንን ሁሉ ማጨብጨብ ነው ዕጣችን።

የምንለው ቀላል ነው። የየጣቢያው ተሳፋሪ፣ የተሸጠው ትኬትና የሠሩት ባቡሮች ብዛት በየወሩ ይለጠፍ፣ ለጋዜጦችም ይሰጥ። ከጎጃም የተመረጡ የፓርላማ አባላትም እጃቸውን ለድጋፍ ብቻ ሳይሆን ለጥያቄም ያውጡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!