በሐምሌ ወንበራችን ባዶ እንዳይሆን

ለወጣት ተመራማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለሐኪሞችና በውጭ ለሚኖሩ ወገኖች የቀረበ ጥሪ

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ተራ ከሚጠብቁት ልጆች መካከል ሕመማቸው በጉሮሮ ቁስለት የጀመረ አሉ። በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ውሎ አድሮ የልብ ቫልቭን ያበላሻል፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ቫልቩ ክፉኛ ከተጎዳና መጠገን ካልተቻለ ያለው አማራጭ መቀየር ብቻ ነው።

በምን ይቀየር? ሁለት ዓይነት ምትክ አለ። አንደኛው ከካርቦንና ከብረት የሚሠራው ነው። አሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ነገር ግን ደም ስለሚረጋበት ታካሚው ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይውጣል፣ በየጊዜውም ደሙን ይመረመራል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቫልቩ ቀጭ ቀጭ ሲል ለራሱ ይሰማዋል። መድኃኒቱ ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ እናት ለመሆን ለምትመኝ ወጣት ደግሞ ለጽንሱ አደጋ ነው። ሁለተኛው ከከብት የልብ ሽፋን ወይም ከአሳማ ቫልቭ የሚዘጋጀው ነው። ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይጠይቅም፤ በልጆችና በወጣቶች ልብ ውስጥ ግን ካልሲየም እየያዘው ቶሎ ይደርቃልና ደረት እንደገና መከፈቱ አይቀርም። ደም ለመመርመር ረጅም መንገድ ለምትጓዝ የገጠር ልጅ ሁለቱም አይመቹም። ለእሷ የሚሆነው ቫልቭ ገና አልተሠራም።

እንዲህ ያለውን ችግር የሚፈታው ዘርፍ ባዮማቴሪያል ይባላል፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሰውነትን ሳያስቆጣ ሥራውን የሚሠራ ቁስ የማዘጋጀት ሳይንስ ነው። ለተሰበረ እግር የሚገባው ብረትና ብሎን፣ የሚሟሟው የቀዶ ጥገና ክር፣ የዓይን ሞራ ከወጣ በኋላ የሚተከለው ሌንስ ሁሉ የዚህ ዘርፍ ሥራ ናቸው። ሌንሱን በመጀመሪያ የተከለው እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቆሰሉ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የቀረው የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸውን እንዳላስቆጣ አስተውሎ ነበር፤ የመረጠውም ያንኑ የፕላስቲክ ዓይነት ነው።

ይህ ሥራ ለሀብታም አገሮች ብቻ የተሰጠ አይደለም። የሕንድ ማዱራይ ከተማ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 አውሮላብ የተባለ ፋብሪካ አቋቁመው፣ ከውጭ ሲገባ መቶ ዶላር ገደማ ይጠይቅ የነበረውን የዓይን ሌንስ ከአሥር ዶላር በታች አወረዱት። በአውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም በፍሬድ ሆሎውስ ስም የተሰየመ የሌንስ ማምረቻ እ.ኤ.አ. በ1994 እዚሁ ጎረቤታችን አስመራ ተከፍቷል። ሕንዳዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ቫሊያታን አሜሪካ ተምረው አገራቸው ሲመለሱ፣ የውጭው ቫልቭ ዋጋ ለወገናቸው እንደማይቀመስ አዩ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ስሪ ቺትራ በተባለው የሕክምና ተቋም የራሳቸውን ቫልቭ መሥራት ጀመሩ። ሦስት ንድፍ ከሸፈባቸው፤ አራተኛው ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1990 በታካሚ ልብ ውስጥ ተተከለ። ተምሮ የተመለሰ ሰው፣ ከጎኑ የቆመ ተቋምና ተስፋ ያልቆረጠ ቡድን ሲገናኙ የሚሆነው ይህ ነው።

እኛስ ምን ጎደለን? ጥሬ ዕቃ አልጎደለንም። በቄራ የሚጣለው የከብት አጥንት ታጥቦ፣ ስቡ ወጥቶ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ነጭ ሴራሚክ ሆኖ ይቀራል፤ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለውና ለአጥንት መሙያ የሚያገለግለው ማዕድን ነው። ከቆዳ ኮላጅን ይወጣል። የባዮሜዲካል ምሕንድስና በአዲስ አበባ፣ በጅማና በጎንደር፣ የማቴሪያል ምሕንድስና ደግሞ በአዳማ ይሰጣል። የጎደለን ሴራሚኩን ከምድጃ አውጥቶ ታካሚው ዘንድ እስኪደርስ ያለውን መንገድ በእጁ የሠራበት ሰው ነው። ቁሱ በሕያው ሴል ላይ እንዴት ይፈተሻል? ባሕርይው ሳይለወጥ እንዴት ከጀርም ይጸዳል? አይኤስኦ 10993 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ምን ምን ፍተሻ ይጠይቃል? እነዚህን ያልመለሰ የማስተርስ ጥናት፣ የቱንም ያህል ቢደክሙበት፣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

የባዮማቴሪያል የክረምት ትምህርት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ጣሊያን የሚገኘውን የትሬንቶ ዩኒቨርሲቲ ጨምሮ የተለያዩ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ከብዙ አገር ለተሰባሰቡ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ትምህርት ይሰጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከትምህርቱ ሌላ የቤተ ሙከራ ሥራ አለ። ለምሳሌ በመርፌ ውስጥ ያለ የፖሊመር ሙሙት በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ተስቦ፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ክር እየሆነ በሳህን ላይ እንደ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ በዚያ ላይ የቆዳ ሴል ይዘራል። ይህን በገዛ እጁ የሠራ ተማሪ ከመቶ ጽሑፍ የማያገኘውን ያገኛል። ጥናቱን በፖስተር ሲያቀርብም ዘርፉን ከሚመሩት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራል፤ የነገ የምርምር አጋሩ ከዚያ ይገኛል። ወቅቱ ብዙ ጊዜ ሐምሌ መሆኑም ይመቻል፤ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ለክረምት የሚዘጉበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጥሪዬ ይህ ነው።

እናንተ ወጣቶች፣ ኬሚስትሪም ሆነ ፊዚክስ፣ ሕክምናም ሆነ የእንስሳት ሕክምና፣ የቆዳ ቴክኖሎጂም ሆነ ምሕንድስና ብትማሩ፣ ይህ ዘርፍ ይመለከታችኋል። ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ፓስፖርታችሁን አሁኑኑ አውጡ ወይም አሳድሱ፤ ለሸንገን ቪዛ ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ቪዛው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ሊጠየቅ ይችላልና ቀጠሮ ቶሎ ያዙ። የጥናታችሁን ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ምን እንደሠራችሁ፣ የት ላይ እንደቆማችሁ፣ ምን መማር እንደምትፈልጉ በግልጽ ይታይ። ክፍያው ከአቅም በላይ ከሆነ ለአዘጋጆቹ ጽፋችሁ ነፃ ዕድል ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ መቅረት ግን ዕድልን በገዛ እጅ መዝጋት ነው።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪ መጥቶ ሪኮመንዴሽን እስኪለምን አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች ምረጡ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ደብዳቤውንም ከማለቂያው ቀን አስቀድማችሁ ላኩ። በእናንተ መዘግየት የሚወድቅ ማመልከቻ አይኑር።

የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች፣ የአውሮፕላን ቲኬት ወጪ በዓመቱ በጀት ውስጥ ይያዝ። ተማሪው የእናንተ እንደሆነና ወደ ሥራው እንደሚመለስ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉለት፤ ለቪዛውም ይረዳዋል። በምላሹ፣ የሄደ ሁሉ በተመለሰ በአንድ ወር ውስጥ የተማረውን ለትምህርት ክፍሉ ያካፍል።

ሐኪሞች፣ በየቀኑ እጃችሁ ላይ የሚያስቸግራችሁን ጻፉልን። የትኛው ብሎን ይሰበራል? የትኛው የቃጠሎ ቁስል መሸፈኛ ከሽፎ አያችሁ? አንድ ገጽ በቂ ነው፤ ለአቅራቢያችሁ ዩኒቨርሲቲ ስጡት። የወጣቱ የምርምር ጥያቄ ከእናንተ ወረፋ ይነሣ።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ቤተ ሙከራዎች የምትሠሩ ወገኖች፣ ለአንድ አመልካች ጽሑፉን አንብባችሁ አርሙለት፤ ቃለ መጠይቅ ካለበትም አዘጋጁት። ዘርፉ ሌላ የሆነባችሁ ደግሞ፣ ጥቂት ሆናችሁ ለአንድ ተማሪ የጉዞ ወጪ ማዋጣት አያቅታችሁም።

የሁለት ሳምንት ትምህርት ብቻውን ቫልቭ አይሠራም። ግን የት እንደሚጀመር የሚያውቅ፣ ማንን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ያመጣልናል፤ ሕንዶቹም የጀመሩት እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። በየዓመቱ አሥር ልጆች ቢሄዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሙሉ ቡድን ይኖረናል። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ፤ ማመልከት የሚገባውን አንድ ወጣት አስቡ፣ ደውሉለት፣ ማመልከቻውንም ከጎኑ ሆናችሁ አስጀምሩት።