በልጆች ጥርስ ላይ ስለሚታየው ነጭ ነጥብ

በቦሌ ቡልቡላ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ የ12 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጥተው፥ «ይህች ልጅ ስትሥቅ አፏን በእጅዋ ትሸፍናለች፤ የፊት ጥርሶችዋ ኖራ እንደ ተረጨባቸው ሆነዋል፤ በከሰልም በጨውም ብፈትገው አልለቅ አለኝ። የ8 ዓመት ታናሽዋ ግን ጥርስዋ ንጹሕ ነው። እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ይህ ነገር የሚያሳስባቸው ሌሎች ወላጆችም ስለሚኖሩ መልሱን በዚህ ገጽ ላይ ለመጻፍ ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ ነጭ ነጥብ ሁሉ ምክንያቱ አንድ አለመሆኑ ነው። አንደኛው ዓይነት የጥርስ መበስበስ መዠመሪያ ነው። ጣፋጭ ነገር በጥርስ ላይ ሲቀር በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ከጥርሱ ሽፋን ማዕድኑን እያሟሟ ያወጣዋል። ማዕድኑ የጎደለበት ስፍራ ወዙን አጥቶ እንደ ጠመኔ ይነጣል። የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ በድዱ ጥግ ነው፤ ጡጦ በአፉ ይዞ በሚያንቀላፋ ሕፃን ደግሞ በላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ላይ ይዠምራል። ይህ ዓይነቱ ቀዳዳ ሳይሆን ከተደረሰበት ሊመለስ የሚችል ነው፤ ጣፋጩን ቀንሶ፥ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና ጧትና ማታ መቦረሽ ማዕድኑን ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። በመፋቂያ የለመደ ሰው መፋቂያውን እንዲተው አንመክርም፤ ነገር ግን ሳሙናው የሚሰጠውን ፍሎራይድ መፋቂያው አይሰጥም።

የዚህች ልጅ ነጥብ ግን በድዱ ጥግ አልነበረም። በግራም በቀኝም ትክክል ሆኖ በጥርሱ ፊት ላይ እንደ ስስ ደመና ተዘርግቷል። ስለዚህ እናቲቱን፥ «ልጅቱ በሕፃንነትዋ ወዴት ነበረች?» ብለን ጠየቅናቸው። «መቂ ተወልዳ እስከ አራት ዓመትዋ የጉድጓድ ውኃ እየጠጣች አደገች፤ ታናሽዋ የተወለደችው ወደ ቡልቡላ ከመጣን በኋላ ነው» አሉን። የጥርስ ሐኪም አይቶ ማረጋገጡ የሚገባ ቢሆንም፥ ነገሩ በዚህ ቃል ተገለጠልን።

በስምጥ ሸለቆ ያለው መሬት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውኃው በዚያ ድንጋይ መካከል፥ ይልቁንም በሞቀው ስፍራ፥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባለውን ማዕድን ያሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም የማይበልጥ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች ግን በዚያ አገር ብዙዎች ናቸው። (ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ የሚፈሰው ወንዝ ስሙ ቡልቡላ መሆኑ ያስገርማል፤ ከእኛ ሰፈር ጋር በስም እንጂ በውኃ አይገናኝም።) የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ በዠመረበት በወንጂ፥ የጉድጓድ ውኃ ለብዙ ዘመን የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸውም ተጎድቶ ወገባቸው እስከ መጉበጥ ደርሷል፤ ይህንም ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በአሜሪካም በኮሎራዶ አገር ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1901 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የሕዝቡ ጥርስ ተዥጎርጉሮ አይቶ ቢደነቅም፥ ምክንያቱ በውኃው ያለው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነው።

እንግዲህ ጥርስን የሚጠብቀው ፍሎራይድ ራሱ ሲበዛ ጥርስን ያበላሻል ማለት ነው። የሚያበላሸውም ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። የፊት ጥርሶች ሽፋን የሚሠራው ከልደት እስከ አራትና አምስት ዓመት ሲሆን፥ ከመጨረሻው መንጋጋ በቀር የቀሩት ሁሉ በስምንት ዓመት ገደማ ያልቃሉ። የእናቲቱ ከሰልና ጨው ምንም ያላደረገው ነጥቡ እድፍ ባለመሆኑ ነው፤ እንዲያውም ፍተጋው የጥርሱን ሽፋን ስለሚያሳሳው እንዲተዉት ለመንናቸው። ሎሚ መቀባትም ከዚያ የከፋ ነው። ልጅቱ የምታፍርበት ከሆነ የጥርስ ሐኪም ነጥቡን ሊያደበዝዘው ወይም ሊሸፍነው ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ በሕፃንነት የያዘ ብርቱ ሕመም ወይም በወተት ጥርስ ላይ የደረሰ ምት ነጥብ ሊያስቀር ይችላል። የሕፃን ድድ ሲያብጥ «ግግ ነው» ተብሎ በወስፌ ማስወጣት ደግሞ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ያበላሻል፤ ቁስሉም ሕፃኑን እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። ይህን ልማድ በጭራሽ አንደግፍም።

ወደ ቡልቡላ ውኃ እንመለስ። የአዲስ አበባ ውኃ የሚመጣው ከለገዳዲ፥ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፥ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ቧንቧው ሲቋረጥ በቦቴ የሚገዛ፥ ወይም በግቢው ጥልቅ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ግን ውኃው ከወዴት እንደ ተቀዳ ይጠይቅ፤ ጉድጓዱንም በላቦራቶሪ ያስመርምር። ፍሎራይድ በዓይን አይታይም፥ በምላስም አይቀመስም። ብዙ ሰው ማፍላት የሚያጠራው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል። የሻይ ቅጠልም ፍሎራይድ ስላለው ለሕፃን ሻይ ማጠጣት አይገባም። የጥርስ ሳሙና ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፥ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ ልጁ እንዳይውጠውም ወላጅ አጠገቡ ይቁም።

እናቲቱ ሊሄዱ ከተነሡ በኋላ፥ «ሦስተኛውን፥ የዓመት ተኩል ልጄን፥ አያቱ መቂ ወስደው ሊያሳድጉልኝ ነበር፤ ልከልክላቸውን?» አሉን። ለበዓል ሰሞን ደርሶ ቢመለስ አይጎዳውም። ለዓመታት የሚቀመጥ ከሆነ ግን አስቀድሞ የአያቱ ጉድጓድ ይመርመር። ፍሎራይዱ ከበዛ፥ አያቱ በክረምት ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርደውን ዝናብ፥ የመዠመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበው በኋላ፥ በንጹሕ በርሜል አጠራቅመውና አፍልተው ለልጁ መጠጥና ለምግቡ መሥሪያ ያድርጉት፤ የጉድጓዱ ውኃ ለልብስ ማጠቢያ ይበቃል። በበጋ በርሜሉ ሲያልቅ ልጁ ወደ ቡልቡላ ይመለስ አልናቸው።