ግዙፍ መሣሪያን በባሕር ስለ ማስመጣት

አንድ አገር በኢንዱስትሪ ለመበልጸግ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ፋብሪካ ስለሚያቆምበት ገንዘብና በዚያ ስለሚሠሩት ሰዎች ነው። ይህም የተገባ አሳብ ነው። ነገር ግን ለፋብሪካው የተገዛው መሣሪያ ከተሠራበት አገር ተነሥቶ እስከሚተከልበት ስፍራ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚደርስ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም ጥያቄው የሚነሣው ውሉ ከተፈረመና ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። የራሷ የባሕር በር ለሌላት ለኢትዮጵያ ግን ይህ ጥያቄ የመጀመሪያው መሆን ይገባዋል።

ተራ ዕቃ ዛሬ በባሕር የሚጓዘው ኮንቴይነር በሚባለው የብረት ሣጥን ነው። በብዛት ከሚሠራባቸው ሣጥኖች ረጅሙ ርዝመቱ 12 ሜትር ያኽል፣ የውስጥ ስፋቱ 2 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም ከነጭነቱ ከ30 ቶን ብዙም አያልፍም። መርከቡም፣ ክሬኑም፣ ካሚዮኑም፣ የባቡሩ ፉርጎም በዚሁ ሣጥን ልክ ተሠርተዋል። እንግዲህ ከ100 ቶን በላይ የሚመዝን ትልቅ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር፣ ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሽከረከር ምድጃ፣ ወይም የውሃ ተርባይን በዚህ ልክ ውስጥ አይገባምና ሌላ መርከብ፣ ሌላ ውል፣ ሌላ መንገድ ይሻል።

ለዚህ ሥራ የተለዩት መርከቦች የራሳቸው ክሬን አላቸው። በትልልቆቹ ላይ ሁለቱ ክሬኖች ተባብረው ከ1,000 ቶን በላይ ያነሣሉ፤ ሸክሙ ወደ ጎን ሲወጣም መርከቡ እንዳይጋደል በሆዱ ያለው ውሃ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በቧንቧ ይተላለፋል። ራሳቸውን በውሃ ውስጥ ዝቅ አድርገው ሌላ መርከብ በጀርባቸው የሚያዝሉም አሉ፤ ቦካ ቫንጋርድ የምትባለው ከ100,000 ቶን በላይ ትሸከማለች። እኛን ግን ይህ ብዙ አያሻንም። ለእኛ የሚበቃው መርከቡ በወደቡ ክሬን ሳይመካ ዕቃውን በራሱ ጉልበት ማውረድ እንዲችል ማድረግ ነው።

በባሕር ላይ የሚያስፈራው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ማዕበሉ መርከቡን ወዲያና ወዲህ ሲያናውጠው ያ ክብደት ሕይወት እንዳገኘ ሁሉ መንቀሳቀስ ይፈልጋል። ስለዚህ ባሕረኞች አንድ የቆየ መመሪያ አላቸው፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ጎን ያሉት ማሰሪያዎች ተደምረው የሚችሉት ጉልበት ከዕቃው ክብደት እንዳያንስ ነው። ትራንስፎርመርም ዘይቱ ወጥቶለት፣ እርጥበት እንዳይገባበት ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን ተሞልቶበት፣ በመንገድ ያገኘውን ግጭት ሁሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ተለጥፎበት ይላካል። ተቀባዩ ይህን መዝገብ ሳያነብ በደረሰኙ ላይ ፊርማውን ቢያኖር፣ የውስጡ ጥቅል መነቃነቁን የሚያውቀው ኤሌክትሪኩን የለቀቀበት ቀን ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ለማን ይከሰሳል?

የሕጉም ነገር ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ወጥመድ አለበት። በነሐሴ 1916 ዓ.ም. የተደነገገውና ብዙ አገሮች የተቀበሉት የሄግ ደንብ የመርከቡን ባለቤት ኃላፊነት ሲወስን፣ በመርከብ ጀርባ ላይ እንደሚጫን በውሉ ተጽፎ እንዲሁ የተጫነውን ዕቃ ከደንቡ ውጭ አድርጎታል። ግዙፍ መሣሪያ ደግሞ ወደ መርከቡ ሆድ መግባት ስለማይችል አዘውትሮ የሚጫነው በጀርባው ላይ ነው። ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲባል በጭነቱ ሰነድ ላይ ያለችውን ያችን አንዲት መስመር ሳያነቡ ያለፉ ገዢዎች፣ ዕቃው ጨው ውሃ ጠጥቶ ሲደርስ የሚከራከሩበት መሠረት ያጣሉ። ኢንሹራንስ አለን ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ጉዳቱ የደረሰው ዕቃው በደንብ ባለመታሸጉ ነው ከተባለ ሰፊ የሚባለው የኢንሹራንስ ውል እንኳ አይከፍልም።

ስለ ባሕሩ መንገድ አንድ ነገር እንጨምር። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት በጀመረ ጊዜ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ባብ ኤል መንደብን ትተው በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ መዞር ጀመሩ። ጅቡቲ ከዚያ የባሕር ወሽመጥ በስተ ደቡብ ያለች ናትና ከቻይናና ከሕንድ የሚመጣ ዕቃ ወሽመጡን ሳያልፍ ይደርሳታል፤ ከአውሮፓ በስዊዝ በኩል የሚመጣው ግን ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ መሣሪያ ከየት ይገዛ ሲባል ዋጋውንና ጥራቱን ከመመዘን ጋር ይህንንም መመዘን ያሻል።

ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው ባሕሩ ሳይሆን የብሱ ነው። ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ አቅራቢያ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ሐዲድ ታላቅ እርዳታ ነው፤ ነገር ግን ከሐዲዱ የሚሰፋ ዕቃ አለ፤ ሐዲዱ የማይደርስበትም አገር ብዙ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 13 ተርባይኖቹን ያየ ሰው ስለ ውሃው ኃይል ተደነቀ፤ እኛ ግን ሐዲድ በሌለበት በጉባ ምድር ያ ሁሉ ብረት በምን ተጕዞ ደረሰ ብለን ደግሞ ተደነቅን። ብዙ ጥንድ መንኰራኵር ያለው ተሳቢ ሸክሙን በያንዳንዱ መንኰራኵር ላይ አካፍሎ መንገዱን ያድናል፤ ድልድዩን ግን ሁልጊዜ አያድንም። መታጠፊያው ሊጠብ፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ዝቅ ሊል፣ የከተማው በር ሊያንስ ይችላል።

የአክሱም ሐውልት ታሪክ ይህንን ይመሰክራል። በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች ሐውልቱን በቁርጥራጭ አድርገው በምጽዋ ወደብ በመርከብ ወደ ጣሊያን ወሰዱት። ሊመለስ በታሰበ ጊዜ ግን የ1990 ዓ.ም. ጦርነት የምጽዋን መንገድ ዘግቶት ነበርና 160 ቶን የሚያኽለው ድንጋይ በሦስት ተከፍሎ፣ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ተሻሽሎለት፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በታላቁ አንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ መጣ። በመርከብ የሄደው በአየር መመለሱ ከባሕሩ የተነሣ አልነበረም። ሐውልት አንድ ጊዜ በአየር ይመጣል፤ ፋብሪካ ሁሉ ግን እንደዚያ ሊመጣ አይችልም።

መንገዱ ሳይለካ የተገዛ ዕቃ በወደብ ይቀመጣል። ቀን በቀን የሚቆጠረው፣ ነጋዴዎች ዲመሬጅ የሚሉት ኪራይ የሚከፈለውም በብር ሳይሆን በውጭ ምንዛሪ ነው። በዚህ መካከል ፋብሪካው ሥራ ይፈታል፤ የተቀጠረው ሠራተኛም ይበተናል። ጥፋቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም፤ ገዢው ስለ ዋጋው፣ አጓጓዡ ስለ መርከቡ፣ የመንገዱ ሹም ስለ ድልድዩ ለየብቻው ስለሚያስብ ነው። መድኃኒቱም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሻጩ የእያንዳንዱን ትልቅ ክፍል ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ፣ ክብደትና የመሸከሚያውን ነጥብ የሚያሳይ ሥዕል ከዋጋው ጋር አብሮ እንዲያቀርብ፣ የመንገዱም ባለሙያ ሥዕሉን ይዞ ከወደቡ እስከ መትከያው ስፍራ ያለውን ድልድይ ሁሉ መርምሮ ሳይፈርም ውሉ እንዳይጸና፣ በጨረታው ሰነድ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል።